ድፎውን ማን ይድፋው?

ገና ሲቃረብ ከተማው ውስጥ አንድ ለቅሶ ይሰማል። ለቀስተኞቹ እኛ ነን። ዕድሜያችን ሃያ ምናምን፣ አብዛኞቻችን ወንዶች፣ ካፌ በረንዳ ላይ ስፕሪሳችንን ይዘን እንቀመጥና እንጀምራለን። «ድሮ ቀረ! የእናት ዳቦ ቀረ! አሁንማ ድፎው ከዳቦ ቤት፣ ቁሌቱ ከሱፐርማርኬት፣ ዶሮው ተገንጥሎ በላስቲክ... ምን በዓል አለ?» አንዱ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሌላው የልጅነቱን የዳቦ ሽታ ያስታውሳል። እኔ ከለቀስተኞቹ ዋነኛው ነበርኩ። እስከ ባለፈው ገና ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እናቴ ትከሻዋን አመማትና «ዘንድሮ ዳቦ ገዝተን እንቆርሳለን» አለች። እኔ ዘራፍ አልኩ። «እንዴት ገና በተገዛ ዳቦ ይዋላል?» እማዬ ቀና ብላም አላየችኝ። «እንግዲያው አንተ ጋግር» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የእልህ ነገር ሆኖብኝ «እሺ» አልኩ። ቪዲዮ በቪዲዮ ላይ አየሁ። ታኅሣሥ 28 ጠዋት ሦስት ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድና የተፈጨ ኮረሪማ አሰናድቼ ገባሁበት። ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴትዮ «ለብ ባለ ውኃ» ብላለች። እኔ ግን «ቶሎ ይነሣል» ብዬ ከጀበና እንደወረደ ቡና የሚያቃጥል ውኃ ገለበጥኩበት። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። ቀቅዬ እንደገደልኩት የገባኝ ግን ከሦስት ሰዓት በኋላ ሊጡ እንደ ሲሚንቶ ቁጭ ብሎ ሳየው ነው።

ያዳነችኝ እቤታችን የምትሠራው ልጅ ናት። ሊጡን በጣቷ ነካ አድርጋ ሳቀች። የሞተውን ለቂጣ ለየችውና አዲስ አስጀመረችኝ። ማሸት ማለት ምን እንደሆነ ያኔ አወቅሁ፤ ጂም የምትከፍሉ ወንድሞቼ፣ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። የታኅሣሥ ብርድ ሊጥ አያስነሣም ብላ ከአልጋዬ ላይ ብርድ ልብሴን አንሥታ አለበሰችው። ኮባው አከርካሪው እንደሚላጥ፣ እሳት ላይ ለስለስ ካላለም እንደሚሰበር አሳየችኝ። እኛ ያለነው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ድፎ የሚወደው ከላይም ከታችም እሳት ነው፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ከላይ የሚነድ ነገር ስለሌለ መገልበጥ አለበት። ያን የሚያህል ትኩስ ዳቦ ለሁለት ይዘን ስንገለብጥ አንዱ ጎኑ ከስሏል፤ መሐሉ ገና ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ስለጣደ የመብራቱ ኃይል ደክሞ አምፖሉ እንደ ጧፍ ይርገበገባል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን እሷ ከቀትር ጀምራ ዶሮውንም ይዛለች። አራት ኪሎ ሽንኩርት ከትፋ፣ ያለ ዘይት አቁላልታ፣ ውኃው ሲመጥ ዘይቱን፣ ከዚያ በርበሬውን፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ሰዓታት። የሚገርመው ደግሞ መቅመስ የለም። ከኅዳር 15 ጀምሮ የተጾመ ጾም በመጨረሻው ቀን ለጨው ሲባል አይፈታም። ቅቤ የገባበትን ወጥ በሽታው ብቻ ትመዝነዋለች። ሲቸግራት የጎረቤት ሕፃን ተጠርቶ ይልሳል። በዓለም ላይ የትኛው ሼፍ ነው ምግቡን ሳይቀምስ ለሃያ እንግዳ የሚያቀርበው? አባቴም ድርሻውን ተወጥቷል፤ ቢላ ይዞ ወጣ፣ ሁለቱን ዶሮ ባረከ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። ሰዓት አልያዝኩም እንጂ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሁለታችን ምጣዱ ሥር ስንቀር፣ ወሬ ለማንሣት ያህል «እናንተ ጋ ገና እንዴት ነው?» አልኳት። «እኔ እንጃ» አለችኝ። «ካየሁት አራት ዓመቴ ነው።» ቤታችን ከገባች አራት ዓመቷ ነው። አራት ገና፣ አራት ፋሲካ ማለት ነው። እኔ «የእናቴ ዳቦ» እያልኩ ካፌ ለካፌ ሳለቅስለት የነበረው ዳቦ በአራቱም ዓመት በእሷ እጅ የተደፋ ነው፤ የእሷ እናት ግን ያለ ልጇ ነው የምትደፋው።

በማግሥቱ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ አባቴ ባርኮ ቆረሰ። እንግዶቹ እንደ ልማዳቸው እናቴን «እጅሽ ይባረክ» አሏት። «እኔ አይደለሁም፤ ልጄ ነው የጋገረው» አለች። ያኔ ቤቱ ተናጋ! ተጨበጨበልኝ፣ ፎቶ ተነሣሁ፣ አንዷ አክስቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለዚያ ግማሽ ጎኑ ለከሰለ ዳቦ ያገኘሁትን ምስጋና እናቴ በሠላሳ ዓመት አላገኘችም። ልጅቷ ቡና እያጠበች ነበር። ስሟን ያነሣ የለም። እኔም አላነሣሁም። ይቺን የምጽፈው በዋናነት እሷ ነገር ስለምትቆጠቁጠኝ ነው።

(አሁን «ፌሚኒስት ሆነልህ» የሚለኝ አይጠፋም። ይበለኝ።)

እኔ ዳቦ ገዝቶ መቁረስ ነውር ነው ከሚሉት ወጥቻለሁ። ከ1998 ወዲህ የተሠሩትን ኮንዶሚኒየሞች አስቡ፤ እንጨት የሚነድበት ጓሮ የላቸውም። ለዕርድና ለእንጀራ ታስቦ የተሠራው ኮሙናልም ስንቱ ጋ ለሌላ ሥራ ውሏል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ ተሰልፋ ማታ ሁለት ሰዓት የምትገባ ሴት ድፎ ከዳቦ ቤት ብትገዛ፣ ተገንጥሎ የታጠበ ዶሮ ብታመጣ፣ እሰየው። ማንም ቢሆን «ባህል አጠፋሽ» የማለት መብት ያለው ሊጥ አሽቶ የሚያውቅ ከሆነ ብቻ ነው። የኛ ናፍቆት እኮ የዳቦ ናፍቆት አይደለም፤ ሌላ ሰው እንዲደክምልን የመፈለግ ናፍቆት ነው።

«ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚለውም ቢሆን እስከ ቦሌ ድረስ ነው የሚሠራው። አገር ቤት ሳለ ውኃ ራሱ ቀድቶ የማይጠጣ አንድ የአክስቴ ልጅ ዲሲ ከገባ ወዲህ ለገና ድፎ ይጋግራል። ውጪው ውርጭ ነው፣ ታኅሣሥ 29 እዚያ ተራ የሥራ ቀን ነው፣ ስለዚህ ከሥራ መልስ ሌሊት ይጋግራል። ኮባ ሲያጣ ከእስያውያን ሱቅ የቀዘቀዘ የሙዝ ቅጠል ገዝቶ ኦቨን ውስጥ ይከተዋል። አውሮፕላኑ ውስጥ ምን ሰጥተውት እንደሆነ እንጃ!

ሌላው የከነከነኝ ሕጉ ነው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በበዓል ቀን ለሚሠራ ሠራተኛ ተጨማሪ ክፍያ ይደነግጋል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ግን ከአዋጁ ውጪ አድርጎታል። የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። የገና ዋዜማ እስከ እኩለ ሌሊት የሠራችው ልጅ የምትጠይቀው የሥራ ክፍል የላትም፤ ያለችው እማዬ ናት፣ ያለሁት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ታኅሣሥ 26 ትሳፈራለች፤ የአሥር ቀን ፈቃድ፣ ደመወዟ ሳይነካ። እማዬ «በዓል ላይ?» ብላ ሁለት ቀን አኩርፋኝ ነበር። ለሷም አልፈርድባትም፤ ትከሻዋ ዛሬም ይዟታል፣ እኔንም በደንብ ታውቀኛለች። ዶሮው ተገንጥሎ ይገዛል። ሽንኩርቱ የእኔና የታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከወዲሁ የዋና መነጽር ፈልጎ አግኝቷል። አባቴ «እኔስ?» ሲል ኮባውን ሰጥተነዋል። ዳቦው የእኔ ነው። ልጅቷ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመነችኝም፤ ትናንት ሻንጣዋን እያሰናዳች ሳለ ብቅ አለችና «ውኃውን መጀመሪያ በእጅህ ሞክረው፣ እሺ?» አለችኝ።