ኮርኒሱ ለዓይን፣ ሙቀቱ ለተከራይ

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ኮርኒስ ነው። አዎ፣ ስለ ኮርኒስ! ጦርነቱ፣ ስደቱ፣ የኑሮ ውድነቱ ሁሉ እያለ ስለ ኮርኒስ ምን ይጻፋል የሚል አንባቢ ካለ፣ እስቲ በሚያዝያ ወር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሸሕዲ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አንድ ሰዓት ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ሸሕዲን ለማያውቅ፦ ከጎንደር ተነስቶ በአይከል አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ጠረፉን ከመድረሱ በፊት የሚያገኛት ቆላ ከተማ ናት። በመዝገብ ስሟ ገንዳ ውሃ ትባላለች። ሰሊጥና ጥጥ የሚያልፉባት፣ የጉልበት ሠራተኛ በክረምት የሚጎርፍባት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪን የሚያልፍባት አገር ናት። ሰሜን ጎንደር ለሦስት ተከፍሎ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም፣ አዲስ ተመራቂውም ቤት ፈላጊ ሆኖ ይመጣባታል። ባለግቢ ሁሉ በጓሮው ሰርቪስ ይደረድራል። የደላላውም የመጀመሪያ ቃል አንድ ናት፦ «ፒቪሲ የገባለት ነው!»

ፒቪሲ ሲባል የውሃ ቱቦ ትዝ ለሚለው ሰው እንግለጸው። ረጅምና ጠባብ፣ ውስጡ ክፍት ክፍት ያለ የፕላስቲክ ጣውላ ነው። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። በአንዱ ጠርዝ ምላስ አለው፣ በሌላው ጠርዝ ጎድጓዳ። የመጀመሪያው በብሎን ከሞራሌው ጋር ይታሰራል፣ የሚቀጥለው ምላሱን ጎድጓዳው ውስጥ አስገብቶ ቀጭ! ብሎ ይያዛል። ብሎኑ አይታይም፣ ቀለም አይጠይቅም፣ ልስን አይጠይቅም። ሁለት ልጆችና አንድ መሰላል ካሉ አንዲት ክፍል በአንድ ቀን ታልቃለች። የእብነ በረድ መልክ ያለው አለ፣ የእንጨት መልክ ያለው አለ፣ በመሐሉ ወርቅማ መስመር የሚያልፍበትም አለ (ይሄኛው የሙሽራ ቤት ነው)። በዚያው ዕቃ ግድግዳውም ይለበሳል።

ከዚህ በፊት የነበረውን ለሚያስታውስ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። «ኮርኒስ» የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ ቢመጣም ዕቃው ግን የኛው ብልሃት ነበር። አያቶቻችን አቡጀዲ በሞራሌ ላይ ወጥረው፣ ሊጥና ኖራ ቀብተው ነጭ ሰማይ ሠርተውበታል። በክረምት ጣሪያው ሲያፈስ በዚያ ሰማይ ላይ ቡናማ ካርታ ይሳላል፣ ማታ ማታ አይጦች ሲሯሯጡ የእግራቸው ኮቴ ከታች ይታያል። አቡጀዲ ያልቻለ የማዳበሪያ ከረጢት ቀዶ ሰፍቶ ወጠረ። አቅም ያለው ችፑድ መታ። ችፑድ ደግሞ አንዴ ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ሆዱ ይንጠለጠላል፣ አንድ ቀን ከነአቧራው አልጋ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ በፕላስቲክ ኮርኒስ ላይ አፍንጫቸውን የሚነፉትን የአዲስ አበባ ቄንጠኞች አንቀበላቸውም። በጨርቅ የሚጠረግ፣ ውሃ የማያበላሸው፣ አቧራ የማያራግፍ ኮርኒስ ለቆላ ሰው ቅንጦት አይደለም።

ምስጡንም አንርሳ። በቆላ ምስጥ ከአከራይ ቀጥሎ ትልቁ ባላንጣ ነው። የበርና የመስኮቱን መቃን፣ የጣሪያውን ማገር፣ የትምህርት ማስረጃ የያዘውን ካርቶን ሁሉ ይበላል። ፕላስቲክ ግን አይበላም። ሻጩ ይሄን ሲነግራችሁ እውነቱን ነው። የማይነግራችሁ ፕላስቲኩ የሚታሰርበት ሞራሌ አሁንም እንጨት መሆኑን ነው! ምስጡ ከላይ በሰላም ሞራሌውን ይበላል፣ ከታች ኮርኒሱ እንደ ሙሽራ ያበራል፣ እስከሚወድቅበት ቀን ድረስ። ቱቦላሬ ወይም የላሜራ ማሰሪያ ቢጠቀሙ ይሄ አይመጣም ነበር፣ ነገር ግን እሱ ከታች አይታይም። የማይታይ ነገር ደግሞ ኪራይ አይጨምርም።

ጠባችንም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከፕላስቲኩ ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን ለዓይን ብቻ ከሚሠራው ሥራ ጋር ነው።

ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ ከአየሩ እጅግ የበለጠ ይግላል፣ እጅ አያስነካም። ያ ግለት ወደ ታች ይለቀቃል። ኮርኒስ የመጀመሪያ ሥራው ይሄን መከለል ነበር። ግን በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የታሰረው ትኩስ አየር መውጫ ከሌለው፣ ኮርኒሱ ራሱ እየሞቀ ሄዶ ከራሳችሁ በላይ የተሰቀለ ምጣድ ይሆናል። መፍትሔው ሮኬት ማምጠቅ አይደለም። በጣሪያው ሁለት ጫፍ ባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ላይ ቀዳዳ መተው፣ ወፍና የሌሊት ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ መሸፈን፣ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ማድረግ ነው። ከአንድ ጥቅል ሽቦና ከግማሽ ቀን ሥራ በላይ አይጠይቅም። ግን እስቲ በየሰርቪሱ ዞራችሁ ቁጠሩልን፣ ስንቱ አለው?

ፕላስቲኩ ራሱም ጠባይ አለው። ሲሞቅ ይለጠጣል። 4 ሜትር የሆነ አንድ ጣውላ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በየጠርዙ ትንሽ ክፍተት ትቶ ክፍተቱን በማዕዘን ማሰሪያው የሚሸፍን ሠራተኛ ይሄን ያውቃል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጥብቅ አድርጎ የሚቆርጠው ግን «እንዴት ልክክ አለ!» ተብሎ ይመሰገናል፣ ሚያዝያ ሲመጣ ኮርኒሱ መሄጃ አጥቶ ሆዱን ይነፋል፣ ቀጭ ያለው ምላስም ከጎድጓዳው ይወጣል። ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ይህ ፕላስቲክ መለስለስ ይጀምራል። ከጋለ ቆርቆሮ ሥር አየር ሳይገባለት ለተለጠፈ ስስ ጣውላ ያ ቁጥር የሚመስለውን ያህል ሩቅ አይደለም። ከዚያ አከራይ መጥቶ «ቤት ውስጥ ምን እየቀቀላችሁ ነው?» ይላል። የቀቀልነውስ እኛው ራሳችንን ነው።

ከፍታውም ሌላ ጉድ ነው። ኮርኒሱ ዝቅ ሲል ግድግዳ የሚለብሰው ጣውላ ይቀንሳል፣ ወጪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ረዘም ያለ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚነካው ኮርኒስ ይሠራል። ትኩስ አየር ወደ ላይ ይወጣል ይባላል፣ ወደ ላይ ሲባል ግን የት? ማራገቢያ ልስቀል ብትሉም ፕላስቲኩ አይሸከምም፣ ከላይ ከጣሪያው ዋና እንጨት ወይም ብረት ጋር ማሰር ያስፈልጋል፣ ለዚያም ማንም አላሰበበትም።

«ታዲያ ቢሞቅ ምን አለበት፣ ቆላ ነው፣ ውጭ ተኙ» የሚለን አለ። እንተኛለንኮ! በመተማ ቆላ ሙቀቱ ሲበረታ በገመድ የተጠለፈውን አንገረብ ደጅ አውጥቶ መተኛት የኖረ ልማድ ነው። የኮርኒስ ነገር የጤና ነገር የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። አካባቢው የወባ አገር ነው። መተማና ሁመራ ደግሞ የካላዛር አገር ናቸው፣ በተለይ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የጉልበት ሠራተኛ የሚለክፈው በሽታ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትነክሰው በአብዛኛው ሌሊት ነው፣ ውጭ መተኛትም ሰውን ለእሷ ያጋልጣል። የጤና ባለሙያ አጎበር ይሰጣል፣ ቤት ውስጥ ኬሚካል ይረጫል። ሰውየው ግን ቤቱ ውስጥ የለም! ቤቱ ስላልቻለው ደጅ ነው። አየር የሚያስገባ፣ መስኮቱ ወንፊት ያለው፣ ጣሪያው የተነፈሰ ቤት ሰውን ወደ አጎበሩ ይመልሰዋል። ይሄን ያህል ነገር በአንድ ቀዳዳ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ የእኛ ወሬ ስለ ወርቅማው መስመር ነው።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ የተሻገሩ ስደተኞች በኩመርና በአውላላ በሸራ ሥር ሲኖሩ፣ ፕላስቲክና ፀሐይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከማናችንም በላይ ያውቁት ነበር። የሸራው ሙቀት ዜና ሆነ። የሰርቪሱ ሙቀት ግን ማን ዜና ያደርገዋል?

ወደ እሳቱ እንምጣ። ፒቪሲ በቀላሉ የሚቀጣጠል ዓይነት አይደለም፣ እሳቱ ሲነሳለት ራሱ የመጥፋት ጠባይ አለው። ሻጮች ላይተር እያበሩ የሚያሳዩት ይሄን ነው፣ ትርኢቱም እውነት ነው። ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር፣ ፍራሽ፣ መጋረጃ፣ ልብስ ሲነድ ፕላስቲኩም አብሮ ይበሰብሳል፣ ጭሱም ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ አለበት። ይህ ጋዝ የዓይንና የጉሮሮን እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል። ሰው በሩ የት እንዳለ እንዳያይ የሚያደርገው ይሄ ነው። አሁን ደግሞ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን አስቡ፦ ቱቦ ውስጥ ያልገባ፣ በፕላስተር የተቀጠለ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከምስጥ የተረፈ ደረቅ እንጨት፣ አይጥ። ከታች ደግሞ ማዕድ ቤት ስለሌለ ክፍሏ ውስጥ የሚቀጣጠል የከሰል ምድጃ። በሩ አንድ፣ መስኮቱ ባለ ፍርግርግ ብረት።

በሰኔ 2009 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ሕንፃ ሲነድ 72 ሰዎች ሞቱ። እሳቱን ወደ ላይ ያሮጠው ለማሳመር ከውጭ የተለጠፈው፣ በሁለት ስስ አልሙኒየም መካከል ፕላስቲክ የያዘ ልባስ ነበር። በኛ አገር አልኮቦንድ እያልን የምንጠራው ቤተሰብ ነው፤ አዲስ አበባ ከቦሌ እስከ መርካቶ ያጌጠችበት። ፕላስቲኩ ሌላ ዓይነት ነው፣ ሕንፃውም ባለ 24 ፎቅ ነው፣ ከሸሕዲ ሰርቪስ ጋር አንድ ነው አላልንም። እዚያ ከአደጋው በኋላ የተጠየቀው ጥያቄ ግን እዚህ ከአደጋው በፊት ቢጠየቅ ምን ይጎዳል? ከሚያምረው ጀርባ ያለው ምንድን ነው?

ከግድግዳው ጀርባስ? እርጥበት የበላው ምርግ፣ ጨው የተፋ ብሎኬት፣ ስንጥቅ። ቀድሞ ተከራይ ስንጥቁን እያሳየ ይከራከር ነበር። አሁን ስንጥቁ ተሸፍኗል፣ በረሮው ከጀርባው በነፃ ይኖራል፣ ኪራዩ ግን ጨምሯል። የተጠገነ ነገር የለም።

ለአከራዩ ፍርድ እንስጥ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። አገር ውስጥ የሚመረተው ጣውላ እንኳ ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። በጡረታ ገንዘቧ ሦስት ክፍል የሠራች እናት ለውበት ያወጣችውን ገንዘብ መመለስ ብትፈልግ ወንጀለኛ አናደርጋትም። እኛ የምንለው፣ እማማ፣ ያንኑ ገንዘብ ሲያወጡ ግድግዳውን ማልበስ ይተዉትና ለጣሪያው መተንፈሻ፣ ለገመዱ ቱቦ፣ ለሞራሌው ብረት ያድርጉት ነው። ተከራይዎም ይቆይልዎታል።

የጎጆ ናፍቆትም የለብንም። የሣር ክዳን ከቆርቆሮ ይልቅ ቀዝቃዛ እንደሆነ የቆላ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እንደ ክብሪት እንደሚነድም ያውቃል። ግን ሽመል የሚበቅልበት አገር ነው ይሄ፣ ከቋራ እስከ መተከል። እንደ ደጋው ቀርከሃ ባዶ ያልሆነ፣ ውስጡ ድፍን የሆነ ጠንካራ ዘንግ። ከነቀዝ የሚጠብቀው መድኃኒት ተነክሮ፣ ተሰንጥቆ፣ እንደ ሰሌን ተሸምኖ ለኮርኒስ የማይሆንበት ምክንያት አይታየንም። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ለምረቃ ፕሮጀክት ስንት ጊዜ ተመሳሳይ ወንበር ይሠራሉ? አንዴ ኮርኒስ ይሥሩና በቴርሞሜትር ይለኩት፣ ከፒቪሲው ጎን ለጎን።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ቤቶችን በምድብ ሲከፍል ተራዋን ባለ አንድ ወለል ቤት ቀላሉ ምድብ ውስጥ አስቀምጧት ነበር። ባለሙያ የሚያያት ከስንት አንዴ ነው። ለጓሮ ሰርቪስ መሐንዲስ ይመደብ አንልም፣ ማን ይከፍላል? ግን ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ሲሰጥ ሁለት ነገር ብቻ ቢያይ፣ የጣሪያው መተንፈሻና የገመዱ ቱቦ፣ ከብዙ ስብሰባ ይሻላል። የዞኑ መሥሪያ ቤቶችም የራሳቸውን ቢሮ ሲያሳድሱ ከዚሁ ቢጀምሩ ደስ ይለናል፣ በሙቀቱ የተነሳ ከሰዓት በኋላ «ኃላፊው የሉም» የሚለው መልስ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል።

ቤት ለምትፈልጉ እኩዮቻችን ደግሞ ይቺን እንካችሁ። ኮርኒሱን በጣታችሁ ጫን አድርጉት፣ የሚዋልል ከሆነ ከላይ ያለው ማሰሪያ ተራርቋል። ውጭ ወጥታችሁ የጣሪያውን ጫፍ ተመልከቱ፣ ቀዳዳ አለው? የመብራቱን ገመድ ከየት እንደሚገባ ተከተሉት። ደግሞ ቤቱን ለማየት ጠዋት አትሂዱ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሂዱ። ደላላው ለምን «በጠዋት እንገናኝ» እንደሚል ያን ጊዜ ይገባችኋል።