«ስልክህን ክፈት» ሲባል፦ የአሜሪካ ሕግ እስከ የት ድረስ ይከላከላል?

አሜሪካ የሚኖር የአክስት ልጅ «እዚህ እኮ ፖሊስ ስልኬን መንካት አይችልም» ብሎ ሲኩራራ ሰምታችሁ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን የሚወሰነው ስልኩን ይዞ የቆመው የት እንደሆነ፣ ክፈት የሚለው ማን እንደሆነና እሱም ምን ብሎ እንደመለሰ ታይቶ ነው። መንገድ ላይ ያለ ማዘዣ የማይከፈተው ስልክ ኤርፖርት ሲደርስ እንደ ማንኛውም ሻንጣ ሊፈተሽ ይችላል። ስልኩ ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ነው፤ የተቀየረው ቦታው ብቻ ነው።

መነሻው አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። በ1791 የጸደቀ አጭር አንቀጽ ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሰዎች በአካላቸው፣ በቤታቸው፣ በወረቀታቸውና በንብረታቸው ላይ አግባብ የሌለው ብርበራ እንዳይደረግባቸው ይከለክላል። ማዘዣም የሚሰጠው በቂ ምክንያት ሲኖርና የሚፈተሸው ነገር ተለይቶ ሲጻፍ ነው ይላል። ስልክ የሚል ቃል የለበትም፣ ያኔ ከየት ይመጣል! በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ስልክንና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያን በስም ጠርቶ ይጠብቃል። አሜሪካ ውስጥ ግን የ1791ን ቃላት እየለጠጡ እስከ ስማርትፎን ያደረሱት ዳኞች ናቸው።

ስማርትፎን ጋ የደረሱት በ2014 ነው። ራይሊ የተባለ ወጣት በ2009 ሳንዲያጎ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የመኪናው ምዝገባ ጊዜው ስላለፈ ፖሊስ አስቆመው። መንጃ ፈቃዱም ታግዶ ነበርና መኪናው ሊወሰድ ሲፈተሽ ሽጉጦች ተገኙ፣ ታሰረ። ኪሱ ውስጥ የነበረውን ስልክ ያለ ማዘዣ ከፍተው አገላበጡት። ባገኙት ፎቶና ቪዲዮም ከዚያ በፊት ከተፈጸመ የተኩስ ወንጀል ጋር አያይዘውት ተፈረደበት።

የመንግሥት ክርክር ቀላል ነበር፦ የታሰረ ሰው ኪሱ ይፈተሻል፣ ይሄ የቆየ ደንብ ነው። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ፖሊስ ከታሰረ ሰው ኪስ የተጨማደደ የሲጋራ ፓኬት አውጥቶ ሄሮይን ማግኘቱን ትክክል ነው ብሎ ነበር። ታዲያ ስልክ ከሲጋራ ፓኬት በምን ይለያል? 9ኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ በጣም ይለያል አሉ። ፍርዱን የጻፉት ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ ሁለቱን ማመሳሰል በፈረስ መሄድንና ወደ ጨረቃ መብረርን «ሁለቱም ጉዞ ነው» ብሎ እኩል እንደማድረግ ቆጠሩት። ቤታችሁ ከጓዳ እስከ ሳሎን ቢበረበር እንኳ የማይገኝ ነገር ስልካችሁ ውስጥ አለ፦ የዓመታት ቻት፣ የት እንደዋላችሁ፣ ስለ ምን በሽታ እንደፈለጋችሁ፣ ማንን እንደምትወዱ። ስለዚህ ፖሊስ ስልኩን ይዞ ማቆየት ይችላል፤ ውስጡን ለማየት ግን፣ አጣዳፊ አደጋ ካልኖረ በቀር፣ ማዘዣ ያምጣ። የአያት ዕድሜ ያላቸው ዳኞች የሞሉበት ችሎት የእኛን ስልክ እንዲህ አድርጎ መረዳቱ እስከዛሬ ይገርመኛል።

ይሁንና ይሄን ሁሉ ከንቱ የሚያደርግ አንድ ቃል አለ፦ እሺ። ባለስልኩ ከፈቀደ ማዘዣ አያስፈልግም። ፖሊሱም «እምቢ ማለት ትችላለህ» ብሎ የማሳወቅ ግዴታ የለበትም፤ ይሄም በ1973 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተወሰነ ነው። ፊልም ላይ የለመድነው «ዝም የማለት መብት አለህ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ተይዞ ለሚጠየቅ ሰው ነው፣ ለፍተሻ ፈቃድ አይሠራም። እዚህ ላይ የኛ ሰው ይጎዳል ባይ ነኝ። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲያናግረን «እሺ» ማለት ከልጅነታችን የለመድነው ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ እሺ የምንለው ሰምቻለሁ ለማለት እንጂ ተስማምቻለሁ ለማለት አይደለም። ይሄን ልዩነት በኋላ ለአሜሪካ ዳኛ ማስረዳት ቀላል አይሆንም። በትህትና «ፍተሻውን አልፈቅድም» ማለት ወንጀል አይደለም። መታገል ወይም መዋሸት ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ማዘዣ መጣ እንበል። ስልኩ ግን ተቆልፏል። አሁን ጥያቄው ወደ አምስተኛው ማሻሻያ ይዞራል፤ ማንም ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም የሚለው ነው። ፓስኮድ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ ተናገር ማለት መስክር እንደማለት ነው የሚል ክርክር አለ። ጣትና ፊት ግን እንደ ደም ናሙና የሰውነት አካል ናቸው፣ ምንም አይናገሩም የሚሉ ዳኞች አሉ። በ2024 የምዕራብ ግዛቶችን የሚያየው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ በአመክሮ ላይ የነበረን ሰው አውራ ጣት ይዞ ስልኩን መክፈቱ ምስክርነት አይደለም አለ። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 2025፣ የዋሽንግተን ዲሲው ይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ በሌላ መዝገብ ላይ «ስልክህን በጣትህ ክፈት» ብሎ ማስገደድ ራሱ ምስክርነት ነው ብሎ ወሰነ፤ ጣቱ ስልኩን ሲከፍት የእኔ ነው፣ አከፋፈቱን አውቃለሁ ብሎ እየተናገረ ነው በሚል።

ፓስኮድም ቢሆን እንደ ክፍለ ሀገሩ ነው። የፔንሲልቬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2019 ማስገደድ አይቻልም አለ። የኒው ጀርሲው በ2020 ይቻላል አለ። በሁለቱ መሃል ያለው አንድ ወንዝ ነው። የፊላዴልፊያ ልጅ ድልድዩን ተሻግሮ ካምደን ሲገባ መብቱ ይቀየራል ማለት ነው። ለማንኛውም የስልኩ አሠራር ራሱ አንድ ነገር ያግዛል፦ አይፎንም ሆነ አንድሮይድ ጠፍቶ ሲበራ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው፤ ጣትም ፊትም አይቀበልም።

ስልኩን ሳይነኩ ባለቤቱን መከታተልስ? በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካርፔንተር በተባለው መዝገብ ይሄን ነክቶታል። መርማሪዎች ከስልክ ኩባንያዎች የ127 ቀን የአካባቢ መረጃ ወስደው፣ ሰውየው የነበረባቸውን 12,898 ነጥቦች ካርታ ላይ አስቀምጠው ነበር። የድሮው ደንብ መረጃህን ለሦስተኛ ወገን ከሰጠህ የግልህ መሆኑ ይቀራል የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ 4 ጠባብ ድምፅ፣ ይሄን ያህል ዝርዝር መረጃ ለመውሰድ ማዘዣ ያስፈልጋል አለ። የሚያሳዝነው ካርፔንተር ራሱ አልተጠቀመም። መርማሪዎቹ በወቅቱ በነበረው ሕግ በቅን ልቦና ሠርተዋል ተብሎ ጥፋተኝነቱ በ2019 በይግባኝ ጸና። ቀዳዳም ቀረ፦ የነፃ አፖች የሚሰበስቡትን የአካባቢ መረጃ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ከእነሱ በገንዘብ ገዝተዋል። ይሄን የሚከለክል ረቂቅ በ2024 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ነበር፤ በሴኔቱ ግን አላለፈም። ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ መግዛት እየተቻለ ማዘዣ ለመጠየቅ ማን ይደክማል?

እስካሁን ያልነው ሁሉ አገር ውስጥ ነው። አሁን ከቦሌ ተነስታችሁ ዋሽንግተን ዳለስ አረፋችሁ እንበል። ከአውሮፕላን ወርዳችሁ የተሰለፋችሁበት አዳራሽ በሕግ ዓይን ድንበር ነው። ድንበር ላይ ደግሞ መንግሥት የሚገባውን ሁሉ ያለ ማዘዣ የመፈተሽ የቆየ ሥልጣን አለው። የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ2018 ባወጣው መመሪያ መሠረት ኦፊሰሩ ስልኩን በእጁ እያገላበጠ ለማየት ምንም ጥርጣሬ አያስፈልገውም። ከመሣሪያ ጋር አያይዞ ለመገልበጥና ለመመርመር ግን ምክንያታዊ ጥርጣሬ ወይም የብሔራዊ ደህንነት ጉዳይ ያስፈልገዋል። ማየት የሚፈቀድለት ስልኩ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ኔትወርኩ ተዘግቶ ነው የሚፈተሸው። የወረደ የቴሌግራም ፋይል ይታያል፣ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያለው አይታይም።

ይሄ በእያንዳንዱ ሰው ላይ አይደርስም። በ2024 የበጀት ዓመት ከ420 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ አልፎ የተፈተሸው 47 ሺህ ገደማ መሣሪያ ነው፤ ከአስር ሺህ ሰው አንድ ያህሉ ማለት ነው። ዕጣው ከወጣላችሁ ግን ልዩነቱን የሚፈጥረው የያዛችሁት ወረቀት ነው። ዜጋ ፓስኮዱን አልሰጥም ቢል ስልኩ ሊያዝበት ይችላል (መመሪያው በመደበኛው እስከ 5 ቀን ይላል፣ ይራዘማልም)፤ አገሩ እንዳይገባ ግን አይከለከልም። ግሪን ካርድ ያለው ረጅም ጥያቄ ሊጠብቀው ይችላል፣ ሆኖም መኖሪያ ፈቃዱን የመንጠቅ ሥልጣን የኢሚግሬሽን ዳኛው እንጂ የኤርፖርቱ ኦፊሰር አይደለም። በቪዛ የመጣ ተማሪ ወይም ጎብኚ ግን እምቢ ካለ በመጣበት አውሮፕላን ሊመለስ ይችላል። በወረቀት መብት አለህ፣ ከተጠቀምክበት ግን ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ይሄ ምን ዓይነት መብት ነው?

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የድንበር ላይ ስልክን ጉዳይ እስካሁን በቀጥታ አልወሰነም። የታች ፍርድ ቤቶችም ተለያይተዋል። በ2018 በፍሎሪዳ በኩል ያለው ይግባኝ ፍርድ ቤት ለጥልቅ ፍተሻም ጥርጣሬ አያስፈልግም አለ። በ2024 አንዲት የኒው ዮርክ ፌዴራል ዳኛ ደግሞ በኬኔዲ ኤርፖርት ለተፈተሸ ስልክ ማዘዣ ያስፈልግ ነበር ብለው ጻፉ። የቦታ ዕድል ነው እንግዲህ፤ በየትኛው ከተማ እንዳረፋችሁ ይወስነዋል።

ገና አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ቪዛ የሚጠብቀውስ? እሱ ጋ ሕገ መንግሥቱ ጨርሶ አይደርስም ማለት ይቻላል። በ1990 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአሜሪካ ወኪሎች ሜክሲኮ ውስጥ የአንድ ሜክሲኳዊን ቤት ያለ ማዘዣ መፈተሻቸውን ሲመለከት፣ ከአሜሪካ ጋር በቂ ትስስር ለሌለው የውጭ ዜጋ አራተኛው ማሻሻያ ከአገር ውጭ አይሠራም ብሏል። ከ2019 ጀምሮ የቪዛ ፎርሙ ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀማችሁባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች ይጠይቃል። ከሰኔ 2025 ወዲህ ደግሞ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች አካውንታቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዘዋል። በ17 ዓመታችሁ በንዴት የጻፋችሁት ኮሜንት ከትራንስክሪፕታችሁ ጋር አብሮ ይታያል ማለት ነው።

ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ፣ ዜግነት ያገኘ፣ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ከሁሉም የተሻለ ይጠበቃል ብላችሁ ታስባላችሁ። ሰላዩ የአሜሪካ መንግሥት ከሆነ አዎ። ሌላ መንግሥት ከሆነስ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር፣ ትውልዱ ኢትዮጵያ የሆነ አሜሪካዊ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ስሙ እንዳይገለጥ ተፈቅዶለት መዝገቡ ላይ «ኪዳኔ» ተባለ። አቤቱታው እንዲህ ነበር፦ በኢሜይል ተያይዞ በመጣ የወርድ ፋይል አማካይነት ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ፤ ከጥቅምት 2012 እስከ መጋቢት 2013 የስካይፕ ጥሪዎቹንና ኢሜይሎቹን እየቀዳ ላከ። ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራው ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ነገር ሳይቀር ከተቀዳው ውስጥ ነበር።

ይሄን ያደረገው ያለ ማዘዣ የሜሪላንድ ፖሊስ ቢሆን ኖሮ ሕገ መንግሥቱ ነበረለት፣ የስልክና የኢንተርኔት ጠለፋን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግም ነበረለት። ተከሳሹ የውጭ መንግሥት ሲሆን ግን ሕገ መንግሥቱ አይመለከተውም፤ በዚያ ላይ የ1976ቱ የመንግሥታት ያለመከሰስ ሕግ ፊት ለፊት ይቆማል። ያ ሕግ የውጭ መንግሥት አሜሪካ ምድር ላይ ላደረሰው ጉዳት እንዲከሰስ በር ይከፍታል፤ ዳኞቹ ግን ድርጊቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ መሆን አለበት ብለው ተረጎሙት። ኮምፒውተሩ ሜሪላንድ ነው፣ ትእዛዙና ዕቅዱ ግን ከውጭ ነው ተባለ። በመጋቢት 2017 ይግባኝ ፍርድ ቤቱ የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ አጸና፣ ክሱ ውድቅ ሆነ። ሥልጣን የለንም ስላሉም ኪዳኔ ተሰልሏል ወይስ አልተሰለለም የሚለው ጥያቄ ሳይመረመር መዝገቡ ተዘጋ።