በአሸዋ ላይ ዝላይ የተማረው ልጅ

መስከረም ጠብቶ ዝናሙ ሲያባራ፥ በወለጋ ከተሞች የሚኖሩ ወላጆች የሚያውቁት አንድ ሥጋት አለ። ልጁ ከብት ለማጠጣት ወይም ልብስ ለማጠብ ብሎ ወንዝ ይወርድና እስኪመለስ ድረስ የእናት ልብ አይረጋም። ከነቀምት ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ ዴዴሳን ይሻገራል፤ በሰሜን አንገር፥ በምዕራብ ብርብርና ዳቡስ፥ በሆሮ ጉዱሩ በኩል ደግሞ ፊንጫ ይፈስሳሉ። ከዓለት ጫፍ ተነሥቶ ወደ ውኃ መወርወር ለወለጋ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም።

እኛም ነገሩን ብልግና ብለን ብቻ አናልፈውም። በጎንደር በዓለ ጥምቀት ሲከበር፥ በዐፄ ፋሲል መዋኛ ውኃው ከተባረከ በኋላ ወጣቶች ከግንቡና ከዛፉ ላይ እየዘለሉ እንደሚገቡ የማያውቅ ምእመን ጥቂት ነው። እነርሱ የሚሹት በረከቱን ነው፤ ማን እንደ በለጠ የሚቈጥር ዳኛም የለባቸውም። ነገር ግን በወጣት ሰውነት ውስጥ ወደ ውኃ የመብረር ፍላጎት እንዳለ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

በሌላው ዓለም ይህ ፍላጎት ሥርዐት ተበጅቶለት የኦሎምፒክ ውድድር ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከቋሚ መድረክ መዝለል በ1904፥ እንደ ቀስት ከሚለመጠው ጣውላ ላይ መዝለል ደግሞ በ1908 በኦሎምፒክ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።) የኦሎምፒኩ ጣውላ ከውኃው 3 ሜትር ከፍ ይላል፤ መድረኩ 10 ሜትር ነው። ዘላዩ በጣውላው ላይ ጥቂት ርምጃ ተራምዶ ጫፉ ላይ በሁለት እግሩ ያርፋል፤ ጣውላው ይለመጥና መልሶ ወደ ላይ ይወረውረዋል። በአየር ላይ ተጠቅልሎ ወይም ከወገቡ ታጥፎ ይገለባበጥና ቀጥ ብሎ ውኃውን ይሰነጥቃል። ዳኞች ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ነጥቡም በዝላዩ ክብደት ልክ ይባዛል። ውኃውን ብዙ የረጨ ነጥብ ይጐድልበታል። ከአገራችን ዋናተኞች ያኔት ሥዩም በ2012 በለንደን በ50 ሜትር ዋና እንደ ተወዳደረች እናስታውሳለን፤ የጣውላው ዝላይ ግን ለቤተሰቦቻችን ገና ሩቅ ነው። ስለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር ግድ ሆነብን።

ሳሚ ሊ በ1920 በካሊፎርኒያ ከኮርያ ስደተኞች ተወለደ። በ1932 ኦሎምፒክ በሎስ አንጀለስ ሲደረግ የ12 ዓመት ልጅ ነበረ፤ የአገሮቹን ባንዲራዎች ተመልክቶ እርሱም አንድ ቀን አሸናፊ እንደሚሆን ለአባቱ ነገረው። አባቱ ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት ይመኝ ነበር። ልጁ የመገለባበጥ ስጦታ እንዳለው ያወቀው ከጓደኛው ጋር በመዋኛ ጣውላ ላይ ሲጫወት ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን የፓሳዴና ከተማ የሕዝብ መዋኛ ነጭ ላልሆኑ ሰዎች የሚከፈተው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበረ። እነርሱ ከወጡ በኋላም ውኃው እንደ ረከሰ ተቈጥሮ ይቀየር ነበር! በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረው ሰው የነካውን ውኃ ርኩስ ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደ ሆነ፥ በየዓመቱ በጥምቀተ ባሕር ዳር የሚቆም ክርስቲያን ይፍረደው።

ታዲያ በሳምንት አንድ ቀን ዝላይ እንዴት ይለመዳል? ጂም ራያን የሚባል አሠልጣኝ በግቢው ጕድጓድ አስቈፍሮ አሸዋ ሞላበት፤ ከአጠገቡም ጣውላ ተከለ። ሳሚ ሊ በቀሩት ቀናት ሁሉ ከጣውላው እየተነሣ በአሸዋው ላይ ይወድቅ ጀመር። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ60 የማይደርስ ይህ አጭር ወጣት፥ እግሩ የጠነከረውና ከፍ ብሎ ለመነሣት የቻለው በዚያ አሸዋ ነው። በ1942 በጣውላውም በመድረኩም የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ፤ ነጭ ካልሆኑት ሰዎች በዚህ ስፖርት ያን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው እርሱ ነው። አባቱ በ1943 ሲያርፍ፥ የተመኘው ነገር ገና አልተፈጸመም ነበር። ልጁ ግን የሕክምና ትምህርቱን አልተወም፤ በ1947 በሐኪምነት ተመረቀ።

የአሸዋው ነገር ለእኛ የሚጠቅመን በዚህ ነው። ዝላይ በመሠረቱ የሚለመደው በደረቅ መሬት ነው። ገና ከጥንቱ ስፖርቱ የተወለደው በጀርመንና በስዊድን ጂምናስቲክ ይሠሩ ከነበሩ ሰዎች ነው፤ ዛሬም ታላላቆቹ ዘላዮች ከሥልጠና ጊዜያቸው ከፊሉን የሚያሳልፉት ከውኃ ውጭ፥ በፍራሽና በመንጠሪያ ላይ ነው። በነቀምት ወይም በሻምቡ ያለ ልጅ በሣር ላይ መገለባበጥን፥ በእጁ መቆምን፥ እግሩን ገጥሞ መዝለልን ቢለምድ የዘላይነቱን ፊደል ቈጠረ ማለት ነው። ወንዙ ግን ፊደል ማስቈጠሪያ አይደለም። ለ3 ሜትር ጣውላ የሚሠራ መዋኛ ጥልቀቱ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ነው፤ ውኃውም እስከ ወለሉ ይታያል። በመስከረም የደፈረሰ ወንዝ ግን ከሥሩ ድንጋይ ይኑር ግንድ ይኑር አያሳይም። በራሱ ተወርውሮ ጥልቀት በሌለው ውኃ የገባ ልጅ የአንገቱ አጥንት ይሰበርና እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ይቀራል። በዴዴሳ ጉማሬ አለ፤ በፊንጫ ሸለቆ ውኃም ቢልሃርዚያ እንዳለ ሐኪሞች በጥናት አረጋግጠዋል።

እንግዲህ ልጁ ገብቶ የተጐዳ እንደ ሆነ፥ ደንግጦ እጁን ይዞ መጐተት ጉዳቱን ያብሰዋል። ፊቱ ከውኃ በላይ እንዲሆን አድርጎ ራሱንና አንገቱን ከጀርባው ጋር ቀጥ አድርጎ መያዝ፥ ትንፋሹን መመልከት፥ ከዚያም አንገቱ ሳይታጠፍ በሳንቃ ላይ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። ይህን ታላቅ ወንድምና እኅት ሁሉ ቢያውቁት መልካም ነው።

ስጦታ ያለውን ልጅ በምን ዕድሜ ለውድድር እንስጠው የሚለው ጥያቄ ግን ከወንዙ ይልቅ ያሳስበናል። ቻይናዊቷ ፉ ሚንግሺያ በ1991 በመድረክ ዝላይ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በ13 ዓመቷም በባርሴሎና ኦሎምፒክ ወርቅ አገኘች። ከቤቷ ወጥታ በቤጂንግ የሥልጠና ቤት የገባችው በ9 ዓመቷ ገደማ ነው፤ እናትና አባቷን የምታያቸው በዓመት ከስንት አንድ ጊዜ ነበረ። የዓለም የውኃ ስፖርት አስተዳዳሪዎችም ከዚያ ወዲህ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ በታላላቅ ውድድሮች እንዳይገባ ደነገጉ። ወርቁ ያምራል፤ እኛ ግን የ9 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጕያ ወጥታ የምታገኘውን ወርቅ በደስታ ለመመዘን ሚዛኑ የለንም።

ከጊምቢ፥ ከደምቢ ዶሎ ወይም ከነቀምት ልጁን ለሩጫም ሆነ ለኳስ ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ የሚልክ አባት፥ ስለ ጫማውና ስለ መለያው ከመጠየቁ በፊት ከማን ጋር እንደሚያድር፥ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚገባ፥ በየትኛው ደብር እንደሚያስቀድስና የንስሐ አባቱ ማን እንደሚሆን ይጠይቅ። አሠልጣኝ ነኝ የሚል ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ከተሰላቸባቸው፥ ልጁ ወደ እናቱ ቤት ቢመለስ ይሻላል እንላለን።

ሳሚ ሊ በ1948 ለንደን ሲደርስ 28 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበረ፤ የተመረቀ ሐኪምም ነበረ። በጣውላው ነሐስ፥ በመድረኩ ወርቅ አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ በሄልሲንኪ፥ በተወለደበት ቀን 32 ዓመት ሲሞላው ወርቁን ደገመው። በኋላም በጆሮ ሕክምና ሥራው ላይ አሠልጣኝነትን ጨመረ፤ በ1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ብር ያገኘውን የ16 ዓመት ልጅ ግሬግ ሉጋኒስን ያሠለጠነው እርሱ ነው።