የጠበቃ ምስጢርና ወሰኑ

በፍርድ ፊት የሚቆም ሰው ጉዳዩን ለጠበቃው ሳይደብቅ ካልነገረ፣ ጠበቃው ሊረዳው አይችልም። ስለዚህ እንግሊዞችም ሆኑ አሜሪካውያን፣ ባለጉዳይ ምክር ፈልጎ ለነገረ ፈጁ የገለጸውን ቃል ፍርድ ቤት እንኳ አስገድዶ እንዳያወጣ በሕጋቸው አጽንተዋል። ያለፈ ጥፋቱን ለጠበቃው የሚገልጽ ወንጀለኛም ከዚህ ጥበቃ አይከለከልም። ይህን ሲሰሙ የሚያጉረመርሙ ሹማምንት አይታጡም፤ ነገር ግን ጠበቃ የመንግሥት ጆሮ ከሆነ ንጹሑም ሰው አፉን ይዘጋል።

ችግር የሚነሣው ምክሩ ገና ለሚሠራ ተንኮል መሣሪያ ሲሆን ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተፈረደው የኮክስና የሬይልተን ጉዳይ ነጋዴ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ሁለቱ በጋዜጣ ሥራ ሸሪኮች ነበሩ። ሬይልተን በስም ማጥፋት ተከሶ ተፈረደበትና፣ ባለፍርዱ ንብረቱን እንዳይዝበት ምን ማድረግ እንደሚቻል ከሸሪኩ ጋር ሄዶ ነገረ ፈጅ ጠየቀ። ነገረ ፈጁም ለሸሪኩ ቢሸጥለት ሕጋዊ እንደማይሆን ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ሽርክናው አስቀድሞ የፈረሰ የሚያስመስል፣ ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ የተጻፈ ሰነድና የሽያጭ ውል ይዘው ተገኙ። (ቀን ወደ ኋላ መጻፍን እንደ ጥቂት ብልሃት የሚቆጥር ነጋዴ ዛሬም አልጠፋም።) በማጭበርበር ሤራ በተከሰሱ ጊዜ ነገረ ፈጁ የሰማውን መሰከረ። ዳኛ ስቲቨን ባነበቡት ፍርድ፣ ወንጀል ለመሥራት የሚፈለግ ምክር ከነገረ ፈጅ ሥራ የሚቆጠር ስላልሆነ ምስጢርነት የለውም ተባለ። ነገረ ፈጁ ተንኮሉን አለማወቁ ለውጥ አላመጣም፤ የተመዘነው የጠያቂዎቹ ሐሳብ ነበር።

ሆኖም ይህ በር በክስ ብቻ ወለል ብሎ ቢከፈት፣ ዐቃቤ ሕግ «ማጭበርበር አለ» ባለ ቁጥር የጠበቃው መዝገብ ይበረበራል። የአሜሪካው ዳኛ ካርዶዞ በዚያው አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. ክሱ ብቻውን እንደማይበቃ፣ እውነት የሚያሰኘው ማስረጃ እንደሚያሻ የጻፉት ስለዚህ ነው። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዞሊን ጉዳይ ዳኛው የተጠረጠረውን ቃል ለብቻው መርምሮ እንዲለይ ፈቀደ፤ ይህም ቢሆን ጠያቂው ወገን ምርመራውን ተገቢ የሚያሰኝ ፍሬ ነገር አስቀድሞ ሲያቀርብ ብቻ ነው። ሥርዓቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ሥራም ያበዛል። ነገር ግን መርማሪው የዳኛውን ሥራ ለራሱ ወስዶ ሰነዱን አስቀድሞ ካነበበው፣ በኋላ የሚሰጥ የክልከላ ትእዛዝ ያነበበውን ከልቡ አያወጣለትም።