የውበት ቀዶ ሕክምና፦ ዋጋው ሲቀንስ የሚጎድለው ምንድን ነው?

በሮም ምሥራቃዊ ክፍል፣ በካዚሊና ጎዳና ላይ የምትገኘው ቶር ፒኛታራ ስሟን ያገኘችው ከአንድ ጥንታዊ መቃብር ነው። ኢትዮጵያውያን መስቀልን ባከበሩ ቁጥር የሚያስቧት ንግሥት እሌኒ ያረፈችበት ይህ ሕንፃ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲታነጽ፣ ግንበኞቹ የጣሪያውን ክብደት ለማቅለል ባዶ የሸክላ ማሰሮዎችን በግንቡ ውስጥ አኖሩ። ጣሪያው ከዘመናት በኋላ ሲደረመስ ማሰሮዎቹ ለዓይን ተጋለጡ፤ ቦታውም የማሰሮዎቹ ግንብ ተባለ። ሕንፃን የሚያቆመው ነገር ብዙ ጊዜ አይታይም። የሚታየው ሲፈርስ ነው።

በቀዶ ሕክምናም እንዲሁ ነው። ዛሬ ቶር ፒኛታራ ከባንግላዴሽ፣ ከቻይና፣ ከአፍሪካና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች የሚኖሩባት የስደተኞች ሰፈር ናት። በዚያም ሆነ በዱባይ፣ በኢስታንቡልም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ስለ ውበት ቀዶ ሕክምና ሲነሳ ቀድመው የሚመጡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ «ስንት ነው?» እና «ምን እመስላለሁ?»። ሦስተኛውና ዋነኛው ጥያቄ ግን ሳይነሳ ይቀራል፤ «ነገሩ ቢበላሽ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ማን ምን ያደርጋል?»

ሮም ይህን ጥያቄ በቅርቡ በመራራ መንገድ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2024 እስከ ጁን 2025 ባሉት ወራት ብቻ ሦስት ሴቶች በከተማዋ ከተደረገ የውበት ሕክምና ጋር በተያያዘ ሞተዋል። የመጀመሪያዋ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረች ወጣት ስትሆን፣ አፍንጫዋን ለማስተካከል ሄዳ ማደንዘዣ ከተሰጣት በኋላ ራሷን ሳተች፤ ከሦስት ቀን በኋላም ሕይወቷ አለፈ። ሁለቱ የሞቱት ስብ ለማስወጣት ከተደረገ ቀዶ ሕክምና በኋላ ነው። ከእነርሱም አንዷ ከኢኳዶር የመጣች ስደተኛ ነበረች። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ሦስቱም ግን ለሕይወት አድን ሕክምና ከገቡበት በር ወጥተው ወደ ሆስፒታል መወሰድ ነበረባቸው።

አደጋው የድሃ ብቻ አይደለም። የናይጄሪያ ቀዳማዊት እመቤት ስቴላ ኦባሳንጆ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 በስፔኗ ማርቤላ ስብ ለማስወጣት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ ሕይወታቸው አልፏል። ስብ መምጠጫው ቱቦ ወደ ሆድ ዕቃ ዘልቆ አንጀትና ጉበት ጎድቶ ነበር። ሐኪሙም በ2009 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተፈርዶበታል። ገንዘብና ሥልጣን የተቀደደ አንጀትን አይሰፉም።

ለመሆኑ ምን ይበላሻል? ስብ ሲወጣ ሰውነትን ለማደንዘዝ ሊዶካይን የተባለ መድኃኒት በብዛት ከፈሳሽ ጋር ይረጫል። መጠኑ ከሰውዬው ክብደት ጋር ካልተሰላ፣ ወይም ወደ ደም ሥር ከገባ፣ በመጀመሪያ ከንፈር ይደነዝዛል፤ ጆሮ ይጮኻል፤ ከዚያ ማንቀጥቀጥ ይከተላል፤ በመጨረሻም ልብ ይቆማል። ለዚህ መድኃኒት አለው፤ በደም ሥር የሚሰጥ 20 በመቶ የቅባት ውህድ። የሚያድነው ግን በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት፣ ማወቅ ያለበት ሰው እጅ ላይ ከተገኘ ነው።

ከሰውነት የተወሰደ ስብ ወደ መቀመጫ ሲወጋ ደግሞ መርፌው ከጡንቻው በታች ያሉ ትላልቅ የደም ሥሮችን ሊያገኝ ይችላል። ስቡ ወደ ሳንባ ተጉዞ የደም ዝውውርን ይዘጋል። በዚህ ምክንያት የብሪታኒያ የውበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 አባላቱ ይህን ቀዶ ሕክምና እንዳያደርጉ መክሯል። ከዚህም ሌላ የእግር ደም መርጋት አለ፤ ለሕክምና ርቀው የሚሄዱ ሰዎች ቁስላቸው ሳይጠግግ ለሰዓታት በአውሮፕላን ሲቀመጡ ይብሳል። ኢንፌክሽን ወደ ደም ከገባ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ኬሎይድ ለተባለው ከቁስሉ አልፎ ለሚያብጥ ጠባሳ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ውበት ፍለጋ የተሄደበት መንገድ ከነበረው የባሰ ምልክት ጥሎ ሊያልፍ ይችላል።

እነዚህን አደጋዎች ማንም ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋቸው አይችልም። በብልህ ዝግጅት ግን ብዙዎቹ ከመግደላቸው በፊት ይያዛሉ። የማደንዘዣ ሐኪም፣ የልብና የኦክስጅን መከታተያ፣ የነፍስ አድን መድኃኒቶች፣ ቅርብ ሆስፒታል፣ ከቀዶው በፊት የሚደረግ ምርመራ፤ ሁሉም ዋጋ አላቸው፤ አንዳቸውም ግን በማስታወቂያው ፎቶ ላይ አይታዩም። ስለዚህ ዋጋው ከሌላው በእጅጉ ሲያንስ የሚጎድለው ከዚህ ከማይታየው ነው። የእሌኒን መቃብር የገነቡት ሰዎች ክብደት የቀነሱት አስልተው ነበር። ጥንቃቄን ቀንሶ ዋጋ የሚያረክስ ግን ምሶሶውን እየነቀለ ነው።

ሕጉም ክፍተት አለበት። በጣሊያን አብዛኛውን የውበት ቀዶ ሕክምና ለማድረግ የዘርፉ ስፔሻሊስት መሆን በሕግ ግዴታ አይደለም፤ የሕክምና ዲግሪና የሐኪምነት ምዝገባ ይበቃል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ቀልድ አይደለም። ቢላ የሚይዝ ሰው በዚያ ቢላ የሠለጠነ መሆን አለበት፤ ይህንንም ማረጋገጥ የታካሚዋ ሳይሆን የመንግሥት ሥራ ሊሆን ይገባል።

እስከዚያው ድረስ ስደተኞች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ብዙዎች ችግር ሲገጥማቸው ወደ ሆስፒታል የማይሄዱት ወረቀት ስለሌላቸው ነው። የጣሊያን የ1998 የስደተኞች ሕግ ግን መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰውም አስቸኳይና አስፈላጊ ሕክምና እንዲያገኝ ይፈቅዳል፤ ለዚህም ኤስ ቲ ፒ የተባለ ኮድ ይሰጣል። ሕጉ የጤና ተቋማት በፈቃድ አልባነቱ ብቻ ታካሚውን ለባለሥልጣን እንዳያመለክቱ ይከለክላል። ትንፋሽ ሲያጥር፣ ትኩሳት ሲነሳ፣ እግር በአንድ ወገን ሲያብጥ፣ ወይም ሰው ሲቀባዥር መደወል ያለበት ቀዶውን ወደሠራው ሰው ሳይሆን ወደ 112 ነው።

በእርግጥ አብዛኛው የውበት ቀዶ ሕክምና ያለ አደጋ ይጠናቀቃል። መልክን መለወጥ መፈለግም ነውር አይደለም፤ እናቶቻችን ድዳቸውንና አንገታቸውን የተነቀሱት ለውበት ነው። ሰው ሲጎዳ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብሎ መሳለቅ ግን ራሱ አደጋ ነው። የሚያፍር ሰው ለቤተሰቡ ሳይናገር ይሄዳል፤ ሲታመምም ይደብቃል፤ የሚደበቅ በሽታ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

ስለዚህ ወደዚያ በር የምትሄድ እኅት ካለች፣ ከስድብ ይልቅ ጥያቄ ይዛ እንድትገባ ማድረግ ይሻላል። ሐኪሙ በምን ዘርፍ ነው ስፔሻሊስት የሆነው? ቦታው ለዚህ ቀዶ ሕክምና ፈቃድ አለው? ማደንዘዣውን የሚከታተለው ማን ነው? ልቤ ቢቆም ምን ታደርጋላችሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ ግልጽ መልስ የሌለው ሰው፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ፣ ውድ ነው።