ስም አልባ ናሙና ገለባ ነው

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ የባዮሎጂ ተማሪዎች ግን በጽሑፍ ያለውንም የማስረሳት ልዩ ተሰጥኦ ያለን ይመስለኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ ግማሻችን ወደ ፊልድ፣ ግማሻችን ወደ ላብ እንበተናለን። ቅጠል እንለቅማለን፣ የሐይቅ ውሃ በጠርሙስ እንቀዳለን፣ የዱር እንስሳት ዱካ እንቆጥራለን። ከዚያ ዲፌንስ ይመጣል። ጭብጨባ አለ፣ ፎቶ አለ። በማግሥቱስ? በጋዜጣ ተጠቅልሎ የነበረው ቅጠል ከላቡ ጥግ ተጠርጎ ይጣላል፣ የፊልድ ደብተሩ ከባለቤቱ ጋር ወደ አገር ቤት ይሄዳል፣ ዳታው ያለበት ፍላሽ የት እንደገባ አይታወቅም። የሚቀረው የተጠረዘው ወረቀት ብቻ ነው።

በበኩሌ ይህ መቆም አለበት እላለሁ። ሐሳቤን ባጭሩ ላስቀምጠው፦ ናሙናውን ከነሙሉ መለያው፣ ጥሬ ዳታውን ከፊልድ ደብተሩ ቅጂ ጋር ለዲፓርትመንቱ ያላስረከበ ተማሪ ፕሮጀክቱን ጨረሰ ሊባል አይገባም። እስኪያስረክብ ድረስ ግሬዱ ይያዝ። «ግሬድ ይያዝ» በማለቴ ብዙ ሰው እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ። እስቲ ግን ታገሱኝና ምክንያቴን ስሙ።

ሁላችንም ከምናውቀው ከእንዶድ ልጀምር። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በብዛት ማግኘታቸውን ያልሰማ የለም። ብዙ ጊዜ ወሬያችን እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የተለፋው ግን አይወራም። እንዶድ ሁሉ አንድ አይደለም። ከተለያየ የአገሪቱ ክፍል የተሰበሰበው ፍሬ በላብ ሲፈተሽ ቀንድ አውጣ የመግደል አቅሙ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ በደከሙበት የመረጣ ሥራ ከሌሎቹ በልጦ የወጣው እንዶድ ዛሬም በሳይንስ ጽሑፎች የሚጠራው «ዓይነት 44» እየተባለ ነው። ሁለቱ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አብረው ተቀብለዋል።

ልብ በሉ፣ 44 ምንድን ነው? ቁጥር ነው፣ መለያ ነው። ያ መለያ በሥራው መሐል ከከረጢቱ ወድቆ ቢጠፋ ኖሮ የላቡ ውጤት እንዳማረበት ይቀር ነበር። ማንም ተመልሶ ከዚያው እንዶድ ዘር ወይም ቁራጭ ሊወስድ ባልቻለ ነበር። ፊልዱና ላቡ የተገናኙት በዚያች ትንሽ ወረቀት ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው ሴሚስተር የእሬትን ፀረ ባክቴሪያ ኃይል የሚመለከት ሥራ ልሠራ ፈልጌ ከእኔ በፊት የተሠሩትን ማገላበጥ ጀመርኩ። አንድ በጣም ደስ የሚል ፕሮጀክት አገኘሁ። ሰንጠረዡ የተሟላ፣ ውጤቱ ጥሩ ነው። ስለ ናሙናው ግን የሚለው «ከገበያ ተገዛ» ብቻ ነው። እንዴ! የትኛው እሬት? በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያ አለ፤ ገሚሱ ሌላ አገር የማይገኝ ነው። ባለገበያዋ ለሁሉም «እሬት» ብትል አይፈረድባትም። እኛ ግን እንደ ባለገበያዋ መናገር አይፈቀድልንም። ያንን ውጤት አድቫይዘሬም እኔም ከየትኛው ተክል ጋር እንደምናገናኘው ስላጣን ሥራውን ከዜሮ ጀመርነው። የአንድ ሰው የወራት ድካም እንዲሁ ባክኖ ቀረ ማለት ነው። ቀበሪቾንም ብንወስድ ያው ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ሥሩ ነው፤ ቅጠልም አበባም አብሮት የለም። ይህ የአገራችን ብቻ የሆነ ተክል ከነሥሩ እየተነቀለ እያለቀ ነው፤ የነቀልነውን ሳንመዘግብ ብንጥለው ደግሞ ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል።

«ይሄ የዕፅዋት ሰዎች ጣጣ ነው፣ እኛ የውሃ ተማሪዎች ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ቢሾፍቱ አካባቢ ያሉትን የአረንጓዴና የኪሎሌ ሐይቆች አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች በሁለቱ ሐይቆች ላይ የሠሩት ልኬት በ1973 ታትሟል። ውሃው ስፒሩሊና በምንለው አልጌ ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ ነበር (በዛሬው አመዳደብ ሳይኖባክቴሪያ ቢሆንም)። የፎቶሲንተሲሱም መጠን በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ከተለኩት ከፍተኛ ከሚባሉት መሐል ነበር። ከዚያ በ1980ዎቹ መጨረሻ የሞጆ ወንዝ ውሃ ወደ ኪሎሌ እንዲገባ ተደረገ። ጨዋማው ውሃ ቀጠነ፤ ስፒሩሊናውም ቦታውን ለሌሎች ለቀቀ። ዛሬ ኪሎሌን ሄዶ የሚያይ ሰው የጠፋውን ነገር በዓይኑ ሊያየው አይችልም። ጠፋ ማለት የቻልነው ቀድሞ የለካና የመዘገበ ስለነበረ ነው። የአንዱ ተማሪ ጠርሙስና የቀኑ ልኬት ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል፤ ከ30 ዓመት በኋላ ግን ብቸኛው ምስክር ሊሆን ይችላል።

አጥቢ እንስሳትም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ወደ 500 ገደማ ቢሆን ነው፤ ያውም አብዛኛው ባሌ ተራሮች ላይ። እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያ ብዙ ቀበሮዎች የሞቱት በእብድ ውሻ በሽታ ነበር። በ2010 እንደገና ሲሞቱ ምክንያቱ ሌላ የውሻ በሽታ፣ ዲስተምፐር ሆነ። ለአንዱ የተሠራ ክትባት ለሌላው አይሠራም። ሬሳውን በዓይን አይቶ በእርግጠኝነት የሚለይ የለም፤ የሚለየው ላብ ነው። ላቡ ደግሞ የሚጠቅመው የትኛው እንስሳ፣ የት፣ በየትኛው ቀን እንደሞተ አብሮ ሲነገረው ነው። ሬሳ እንንካ ማለቴ አይደለም፤ እሱ የሠለጠኑና የተከተቡ ሰዎች ሥራ ነው። የእኛ ድርሻ ያየነውን በትክክል ጽፎ ማስቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። አንደኛው «ጊዜ የለም» ነው። መለያ መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የአካባቢው ስም፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የለቃሚው ስም፣ ሕዝቡ ተክሉን የሚጠራበት ስም፣ የአበባው ቀለም፣ በቃ። የአበባውን ቀለም አደራ፤ ከደረቀ በኋላ አይገኝም። ሁለተኛው «ገንዘብ የለም» ነው። በርግጥ የፊልድ አበላችን ለራሳችንም አይበቃ። ነገር ግን አሮጌ ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ ሁለት ጣውላና ቀበቶ ካለ ተክል ይደርቃል። ለአልጌው ትንሽ ጠርሙስና የሉጎል ጠብታ ይበቃዋል።

ሦስተኛው «ቦታ የለም» የሚለው ነው። ይህ እውነት አለው፤ መልሱም ከእኛ ሳይሆን ከመምህሮቻችን ይጠበቃል። ባይሆን አንድ ቁም ሳጥን እንለምናለን። ቅጂው ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤት ቢላክ ጥሩ ነው። ያ ቤት ከ1959 ጀምሮ የቆየ ነው። ከ1980 እስከ 2009 የተደከመበት ባለ ስምንት ቅጹ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ያለ እንዲህ ዓይነት የደረቁ ናሙናዎች ባልተጻፈ ነበር። ቅጂ የምለውም በምክንያት ነው። ጀርመናዊው ሺምፐር ከ1837 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ አገራችን ኖሮ ብዙ ሺህ ናሙና ወደ አውሮፓ ልኳል፤ ተመሳሳዩን ለተለያዩ ቤቶች ያካፍል ነበር። በ1943 የበርሊኑ የዕፅዋት ቤት በጦርነቱ ሲቃጠል ሌላ ቦታ የነበሩት ቅጂዎች ተረፉ። የአገራችን ሰው ያንን ለማየት ዛሬ ቪዛ መለመን አለበት። የእኛ ትውልድ የለቀመውስ እዚሁ ቢቀመጥ ምን ይለናል?

አንድ ነገር ልጨምር። ተክሉን ያሳዩን አርሶ አደሮችና የባህል ሐኪሞች ዳግመኛ አያዩንም። ጠይቀን፣ ጽፈን፣ ቡና ጠጥተን እንጠፋለን። ያገኘነውን በሚገባቸው ቋንቋ በአንድ ገጽ ጽፎ መመለስ ዕዳችን ነው። «ይህን አታውጡብኝ» ያሉት ካለም ምሥጢራቸው ይጠበቅ። ለናሙና ሲባልም ብርቅ የሆነን ተክል ከነሥሩ መንቀል አያስፈልግም፤ አንድ ቅርንጫፍና ፎቶ ይበቃል።

ስለዚህ ለዲፓርትመንቱ የማቀርበው ጥያቄ ሦስት ነው። አንድ፣ ያለ ናሙናና ያለ ጥሬ ዳታ ግሬድ አይሰጥ። ሁለት፣ አድቫይዘሮች ከድራፍቱ በፊት የፊልድ ደብተሩን አይተው ይፈርሙበት። ሦስት፣ የሚቆለፍ ቁም ሳጥንና አንድ መዝገብ ይዘጋጅ፤ መዝገቡን በተራ የምንይዝ ተማሪዎች አንጠፋም። እኔ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ፤ ደንቡ ቢወጣ የመጀመሪያው ተጠቂም እኔው ነኝ። ቁም ሳጥኑ ሳይገዛ የእሬቶቼን ናሙና ከነመለያቸው ለላብ አሲስታንታችን አስረክቤያለሁ። ከእኔ በኋላ እሬትን የሚያጠና ሰው «የትኛው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያገኛል።

ሐሳቤን የማይቀበል ካለ ብዕሩን ያንሳ። በሚቀጥለው እትም እንከራከራለን።