ላፕቶፑ ከመገዛቱ በፊት

ለትምህርት ቤታችን ርካሽ ላፕቶፕ ይገዛ ተብሎ መዋጮ መጀመሩ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ በሙሉ ለዕቃው ይዋል የሚለውን አሳብ አንደግፍም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለድሃ አገር ልጆች ባለ 100 ዶላር ላፕቶፕ እናቀርባለን ብለው ነበር። በ2007 ተሠርቶ ሲወጣ ዋጋው ወደ 200 ዶላር ተጠጋ። ወደ አገራችንም በ2008 በሺህ የሚቆጠሩ መጥተዋል። ፔሩማ ከ800 ሺህ በላይ ገዛች! ዳሩ ግን በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶቿ ተካሂዶ በ2012 የወጣ ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ዕቃው ደርሷል፤ መምህሩ ግን በትምህርቱ ውስጥ እንዴት እንደሚያስገባው በቂ ሥልጠና አላገኘም ነበር።

ታዲያ እኛስ? ክፍሎቹ በቂ ሶኬት የላቸውም። ባትሪው ሲደክም ማን ይለውጠዋል? ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ እንደሆነ ማንም አያቅተው።

ስለዚህ ሃምሳ ከምንገዛ ሃያ እንግዛ እንላለን። የተረፈው ለመምህራን ሥልጠና፣ ለኤሌክትሪክ መስመርና ለጥገና ይቀመጥ። ሃያው ለሁሉም አይበቃም የሚሉ ወላጆች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ በፈረቃ መጠቀም ግድ ይሆናል። በመጪው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስንሰበሰብ ይህንኑ እንድትነጋገሩበት እንጠይቃለን። መምህራኑም ቢጠሩ መልካም ነው።